የቀሩት ሁለት ልመናዎች

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፍሬሰላም፣ ጅቡቲ

ሰላምታውን ከበታች አደርሰዋለሁና ሳልሳለምሽ ብጀምር አትቀየሚኝ። ሰላምታውን ካስቀደምሁት እንደ ልማዴ ነገሩን ሸፍኜ፣ ደኅና ሁኚ ብዬ እፈርማለሁ።

በወንድምሽ በታዲዎስ እቀናለሁ።

ዛሬ የጀመረኝ አይደለም። እናቴ ስትሞት እናትሽ፣ አክስቴ ነፍሷን ይማር፣ ወስዳ ከእናንተ ጋር ካሳደገችኝ ጊዜ ጀምሮ ነው። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ስናዘዝ ይህቺን አንዲቷን ምላሴ ሥር ይዣት እመለሳለሁ። ሰው የሚያውቀኝ «ዝምተኛው ቀለመወርቅ፣ የቂርቆስ ደጅ ሳሚው» እያለ ነው። ዝምታዬ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አንድም ሰው አያውቅም።

አሁን ልጠይቅሽ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? ምግብ ቤትሽስ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ከማስቸገሩ በቀር ደኅና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ተሳልሜ እመለሳለሁ። ቤቱ ውስጥ የማዋራው ሰው የለም፤ ባለቤቴ ወለተማርያም ካረፈች ዘንድሮ ሦስት ዓመቷ።

ይህን ዛሬ ለምን እንደምጽፍልሽ ልንገርሽ። የፓርቲያችን ሊቀመንበር ጋሽ ኃይለገብርኤል «ዓይኔም ጆሮዬም ደከመ፣ በቃኝ» ብለዋል። የወይራ አምባ ሕዝብ ኅብረት ትንሽ ፓርቲ ናት፤ አገር ቤት ሦስት ቅርንጫፍ፣ እዚህ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ። ቢሆንም ዘንድሮ ምርጫ አለና ያለ መሪ አትገባም። ጥር ላይ ጠቅላላ ጉባኤው አዲስ ሊቀመንበር ይመርጣል። ከዚያ በፊት ኅዳር 21 ቀን ዕጩዎች ይጠቆማሉ። የአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ! «እሱ ለማንም አያደላም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው» ብለው ነው የሾሙኝ። የሚጠቆመውም ማን እንደሆነ አገር ሁሉ ያውቀዋል። ታዲዎስ ነው።

ክፉ ሰው ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር። ታዲዎስ እኮ ክፉ አይደለም። አምና የካዛንቺሱ ቤት ሲፈርስበት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያለቅስ፣ እሱ ግድግዳው በወደቀበት ቆሞ «ሰፊ መስኮት ስመኝ ኖሬ ነበር» ብሎ አሳቃቸው። አሁን ዑራኤል አካባቢ ተከራይቷል። ወለተማርያም አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ መዝሙረ ዳዊት እደግምላት ነበር። አንድ ከሰዓት እሱ መጣና የሐኪሙን አረማመድ አስመስሎ በክፍሉ ተንጎራደደ። ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ስትስቅ አላየኋትም። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ የመጨረሻ ሳቋን የወሰደው እሱ ነው። ይህን ይዤ ነው እንግዲህ «አያደላም» የምባለው።

ከአስመራጭነቱ ልውጣ ወይስ ልቆይ? ምከሪኝ። ስልክ ግን አትደውዪ፤ ድምፅሽን ስሰማ እዋሻለሁ። ይህን የሚያደርስልሽ ያገራችን ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ሊካሳ ነው። መልሱንም ለእሱ ስጪው።

የቂርቆስ አምላክ ከባሕሩ ነፋስና ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ።

ወንድምሽ ቀለመወርቅ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018

ለወንድምጋሼ ለቀለመወርቅ

ጤና ላንተ ይሁን፣ ለዚያ ለጉልበትህም ጭምር። ማታ ማታ ሞቅ ባለ ጨርቅ ያዘው፤ ብርድ አይወድም። ሊካሳ ደብዳቤህን ሲሰጠኝ በቁሜ ነው የደረቅኩት። አንተ እኮ ሰው ካልሞተ አትጽፍም! ከፍቼ ሳነብ የሞተ የለም፣ ወንድምጋሼ ቀንቷል። በሳቅ ፈረስኩ። ሾፌሮቹ «ማዘር፣ ምን ተገኘ?» ይሉኛል።

ከዚያ ግን ሳቄ ቆመ።

ቅናት ነው ያልከው? ወረፋ ያዝ፤ ከእኔ ኋላ ነህ። ከእኔና ከታዲዎስ በትምህርት ማን ይበልጥ እንደነበር አንተው ታውቃለህ፤ አብረን ነው የተማርነው። ቤቱ አንድ ልጅ ብቻ ነው ማስተማር የሚችለው ሲባል ማን ቀረ? እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሰው ቤት ልሠራ እዚህ ወረድኩ፤ እሱ ኮሌጅ ገባ። አሁን እሱ ሲናገር ሰው ያጨበጭባል፤ እኔ ለሰማንያ ሾፌር ሽሮ እቀቅላለሁ። በደወለ ቁጥር ስልኩን ለጓደኞቹ ከፍቶ «እህቴ፣ የጅቡቲ ንግሥት!» ይለኛል። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ከዘጋሁ በኋላ ሳህን አጥባለሁ።

መስከረም ላይ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ፍሬ፣ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ላኪልኝ፣ እንቢ ስል አምሮብኝ እንዲያዩኝ።» አሰፋሁለት፤ በትከሻው ልክ። እንግዲህ ያገራችንን ነገር ታውቃለህ። ወይራ አምባ ሹመት በአንድ ቃል የተቀበለ ሰው ስሙ ሆዳም ነው። መጀመሪያ ሲለመን «አልችልም»፣ ሁለተኛ ሲለመን «ሌላ ፈልጉ»፣ ሦስተኛው ላይ አንገቱን ደፍቶ ከመቀመጫው መነሣት፤ እሺታው ያ ነው። እስከዚያ ድረስ ኮቱን እያሳየ ሊሽኮረመም ነው!

እንዲያው አንዴ ብቻ ለምነህ «እሺ፣ ካልክ ይሁን» ብትለውስ? የዚያን ጊዜ ፊቱን ለማየት በባቡር በመጣሁ።

ቀልዴን ነው። አስመራጭነቱን አትልቀቅ፤ ከአንተ የሚሻል የላቸውም። የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንደለበሰ።

የወለተማርያምን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልህ። አንተንም ለእኔ ያቆይልኝ።

ፍሬሰላም


ቂርቆስ፣ ኅዳር 29 ቀን 2018

ይድረስ ለእህቴ ለፍሬሰላም

በጾሙ እንዴት አለሽ? እኔ በሥጋ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤሽን ያነበብሁት ስብሰባው ካለፈ በኋላ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ በኋላ ራስሽን እንዳትወቅሺ ነው።

የተሰበሰብነው ካዛንቺስ ከቢሯችን ማዶ ያለ ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከአገር ቤት ብዙ ሰው መጥቷል፤ እናቶችም ነበሩ። እኔ ከፊት፣ አጠገቤ የቢሯችን ጸሐፊ ሊዲያ ኮምፒውተሯን ከፍታ። ገና ጥቆማ ስል ከሦስት ማዕዘን «ታዲዎስ!» ተባለ።

እንደ ደንቡ ተነሥቼ «አቶ ታዲዎስ፣ ጉባኤው ለሊቀመንበርነት ይፈልግሃል፤ እለምንሃለሁ፣ ምን ትላለህ?» አልሁት።

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሣ። «እኔን? ኧረ እባካችሁ፣ እኔ ሻይ እንኳ አዝዤ የሚመጣልኝ ማኪያቶ ነው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይ፣ አልችልም፤ የሚበልጠኝ ሞልቷል» ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አላነሣም። ሁለተኛውን ይጠብቅ ነበር።

ሁለተኛው አፌ ላይ ነበር፣ ፍሬ። በስመ አብ ብዬ እነግርሻለሁ፣ አፌ ላይ ነበር። ከኋላ ግን እናቶቹ ሳቁን አልጨረሱም። አንዷ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ትስቃለች። ያቺን ከሰዓት አስታወስሁ፤ አልጋውን፣ ወለተማርያምን።

«ጥሩ» አልሁ። «ፈቃዱ ነው።»

ሊዲያ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ማለቴ... በቃ? ልጻፈው?»

«ጻፊ።»

ያን ጊዜ አንድ ሰው «ኧረ ልመናው አልሞላም» ቢል ኖሮ እመለስ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አንድም ሰው አላለም። ዘመዱ ነው፣ አስቀድመው ተነጋግረው ይሆናል አሉ በልባቸው። እኔን አምነው ነው ዝም ያሉት። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ ይጮኹበት ነበር።

ታዲዎስ ፈገግ እንዳለ ቀረ። ፈገግታውን የሚያስቀምጥበት ያጣ ይመስል ነበር። በኋላ ስንወጣ ጉልበቴን ያውቃልና ክንዴን ይዞ ደረጃውን አወረደኝ። ታዲዎስ ሦስት ፎቅ ሙሉ ዝም ብሎ ሲወርድ ታይቶ ይታወቃል? ታክሲው ጋ ስንደርስ «በል ቀለሜ፣ ደኅና እደር» አለኝ፤ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ።

በእሱ ፈንታ ሌላ ዕጩ ቀርቧል። ስሙን በኋላ እጽፍልሻለሁ።

ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ ደረሰኝ። «አንዴ ብቻ ለምነህ» የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ይህቺን ክፋት በዓለም ላይ እኔ ብቻ ያሰብኋት መስሎኝ ነበር። ያንቺ ጽሕፈት ውስጥ ሳገኛት ግን ፊቴን በሌላ ሰው መስታወት እንዳየሁ ሆንሁ፤ አስቀያሚ ነው። አንቺ ቀልደሽ ተውሽው። እኔ አደረግሁት። ቁጭት የለብሽም፤ ቁጭቱን ለእኔ ተይልኝ።

አትቆጪኝ አልልሽም። ጻፊልኝ ብቻ። ስለ እሱም የሰማሽው ካለ ንገሪኝ፤ ወደ ዑራኤል መሄድ አቅቶኛል።

እመብርሃን ትከተልሽ።

ቀለመወርቅ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018

ለወንድሜ ለቀለመወርቅ

ለልደቱ በሰላም ያድርስህ። ይህን ያህል የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ሁለቴ ሊካሳን ባዶ እጁን ሸኘሁት።

እውነቱን ልንገርህ፤ አንተም ነግረኸኛልና። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እየዘፈንኩ ነው ሽንኩርት የከተፍኩት። ይኸው እሱም ቀረ፣ ይኸው እሱም እንደ እኔ ወንበሩን ለሌላ ሰጥቶ ወጣ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሊካሳ ሊበላ መጣና የዕጩውን ስም ነገረኝ። እሱም ከአገር ቤት መጥቶ ስብሰባው ላይ ከነበረ አጎቱ ነው የሰማው።

«ስሙን በኋላ እጽፍልሻለሁ» ያልከው ሰው ስሙ ቀለመወርቅ ነው ለካ!

ጋሽ ኃይለገብርኤል «የሚችለው እንቢ ካለ የታመነው ይቁም» ብለው አንተን ለመኑህ አሉ። «አልችልም» አልክ። ደገሙህ። «ሌላ ፈልጉ» አልክ። ሠለሱህ። ተነሣህ። ለአንተ ሲሆን ሦስቱም ሙሉ፣ አንድም ያልጎደለ! ወንድምጋሼ፣ ቅናትህን እኮ እኔም ተጋርቼህ ነበር። ይቺን ግን ደብቀህ ብቻህን በላሃት።

ታዲዎስ ጋ ደወልኩ። «ፈልጌው ነበር በላቸው! አፍ የለህም?» አልኩት።

«ፍሬ ሙች፣ ያልተለመነ ሰው እንዴት ብሎ እሺ ይላል?» አለኝ። «ሄጄ 'እናንተ፣ ቀሪዋን ለምኑኝ እንጂ' ልበል?»

«ለቀለመወርቅ ንገረዋ።»

«ተይው። ቀለሜ ያለ ምክንያት አያደርግም። አንድ ያየብኝ ነገር ይኖራል። እኔ ቀልድ ነው የማውቀው፣ እሱ ዝም ማለት ያውቃል፤ ምናልባት ለመሪ እሱ ይሻላል።»

ሰማኸኝ? ጉድለቱን እየፈለገ ነው። አንተ ያየህበትን ጥፋት ቤቱ ቁጭ ብሎ እየፈለገ ነው!

የዚያን ዕለት የጅቡቲ ንግሥት አላለኝም። ስልኩንም ለማንም አልከፈተም። ልዘጋ ስል «አንቺስ ግን ደኅና ነሽ ወይ?» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላውቅም። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅማ። ዘግቼ አለቀስኩ፤ ደንበኛ ሁሉ እያየኝ።

እኔ የቀረብኝን እሱ አልወሰደውም። ቤታችን ነው የሰጠው። ይህን ሳውቀው ኖሬያለሁ፤ ቤትን መጥላት ስለማይቻል ነው ቂሙን በእሱ ላይ የያዝኩት።

ኅዳር ላይ ሊካሳ ደብዳቤዬን ብቻ ይዞ ኮቱን ረስቶት ሄዷልና አሁን እጄ ላይ ቀርቷል። ለሊቀመንበር የተሰፋ ኮት ነው። ሊቀመንበሩ አንተ ከሆንክ ይኸው ላክሁልህ፤ ሊካሳ ያደርስልሃል። ልብ በል፣ ትከሻው የታዲዎስ ነው።

ሌላ ዜና አትጻፍልኝ። የኮቱን መጨረሻ ብቻ ጻፍልኝ።

ፍሬሰላም


ቂርቆስ፣ ጥር 18 ቀን 2018

ይድረስ ለእህቴ ለፍሬሰላም

በጥምቀቱ ውኃ የባረከን አምላክ አንቺንም ባለሽበት ይባርክሽ። ቁጣሽ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ስሜን ለምን እንዳልጻፍሁልሽ ራሴን ስጠይቅ ከረምሁ። አፍሬ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ጣፍጦኝ ነው። ሦስቴ ስለመን አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ያቺ በታዲዎስ ስትስቅ የነበረችው እናት መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ። ለአንቺ ብጽፈው ጣዕሙ እንደሚጠፋ አውቄዋለሁ።

ኮቱን ሊካሳ ያመጣልኝ በቂርቆስ ዋዜማ ነው። በሩን ዘጋሁና ለበስሁት። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው፤ ትከሻው ወደ ታች ተንጠለጠለ። እንዲሁ ለብሼ ከወለተማርያም ፎቶ ፊት ቆምሁ። ብትኖር ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። «ይኸውልሽ፣ እኔም አንድ ቀን አሳቅሁሽ» አልኋት። ከዚያ ቶሎ ብዬ አወለቅሁት።

በበዓሉ ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ንስሐ አባቴን ጥላቸው ሥር አገኘኋቸውና ያቺን ምላሴ ሥር የነበረችዋን አወጣሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ልጄ፣ ይፍታህ ማለት የእኔ ነው» አሉ። «ልመናውን ግን እኔ አልለምንልህም።»

ትናንት ጉባኤው ነበር። የድምፁን ውጤት ሊካሳ ይነግርሻል፤ እኔ የምጽፍልሽ ከድምፁ በፊት የሆነውን ነው።

እኔ ዕጩ ከሆንሁ በኋላ መድረኩን የያዘችው ሊዲያ ነበረች። «ዕጩያችን ጋሽ ቀለመወርቅ፣ ወደ ፊት ይምጡ» ብላ ጠራችኝ። ኮቱን በክንዴ ይዤ ወጣሁ። ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ ያቺንም አልዋሽሽም፣ እስከ መጨረሻዋ ሰማኋት።

«እኔ ስሜን አንሥቻለሁ» አልሁ። «ከኅዳር የተረፈ ሥራ አለብኝ።»

ሊዲያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ የጥቆማው አጀንዳ እኮ ተዘግቷል» አለች።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ጋሽ ኃይለገብርኤል ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈው «ምን ይላል?» አሉ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ኅዳር ላይ ታዲዎስን አንዴ ብቻ ለምኜ አለፍሁት። ረስቼ አይደለም። አስቀድመን ተነጋግረንም አይደለም። ቀንቼበት ነው።»

አንዲት እናት «ኧረ በሥላሴ!» አሉ። ያንቺን ቀልድ አላነሣሁም፤ ያ በእኔና ባንቺ መካከል ይቀራል።

ታዲዎስ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። በመተላለፊያው ሄድሁ። ይህን ጊዜ ግን ክንዴን የሚይዝልኝ አልነበረም። ፊቱ ቆምሁ።

«ታዲዎስ፣ ሁለተኛ እለምንሃለሁ።»

ቀልድ ጠበቅሁ፤ ሰውም የጠበቀ ይመስለኛል። አልቀለደም። «ሌላ... ሌላ ፈልጉ» አለ፤ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ሦስተኛ እለምንሃለሁ።»

አንገቱን ደፋ። አልተነሣም። ያን ጊዜ ወደ ልቤ የገባውን ልንገርሽ፤ የእውነት እንቢ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ባይነሣ ወንበሩ ለእኔ እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ እንዲነሣ ግን ወደ ቂርቆስ ጸለይሁ። ለእሱ ስጸልይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አዳራሹ ጠበቀ፤ እኔም ጠበቅሁ።

የተቀመጠበት ወንበር ወደ ኋላ ተንፏቀቀ፤ ተነሣ።

ኮቱን ዘርግቼ ያዝሁለት፤ አንድ እጁን ከተተ፣ ከዚያ ሌላውን።

ወንድምሽ ቀለመወርቅ